ከፍልውሃ እስከ ቀዝቃዛው ውሃ፦ የሞያሌ መንገድ ታሪክና ቆም ተብሎ የሚታይ ነገር

ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ በመኪና ወደ 1,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በንግድ የምንመላለስ ሰዎች ይህን መንገድ የምናውቀው በኬላው፣ በነዳጅ ማደያውና በሻይ ቤቱ ነው። ፍተሻው የት እንደሚበረታ፣ ጎማ የት እንደሚጠገን፣ ምግብ የት ንጹሕ እንደሆነ ጠይቁን፤ እንመልሳለን። አስፋልቱ ካለቀ ወዲህ ግን ሌላ ጥያቄ እየበዛ መጥቷል። ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ በክረምት ዕረፍት ወይም በበዓል ሰሞን መውረድ ጀምሯል፤ «በመንገድ ላይ ምን እናሳያቸው?» ይሉናል።

መልሳችን አጭር ነው፤ ውሃውን አሳዩአቸው።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ ዳር ሲሰፍሩ ነው፣ 1879 ዓ.ም.። ናይሮቢ የሚለው ስም ደግሞ ከማሳይ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። በመካከል ያለውን ስም ብትቆጥሩም ያው ነው። ሐዋሳ በሲዳምኛ ሰፊ ውሃ ነው ይባላል። ቡሌ ሆራ ውስጥ ያለው ሆራ በኦሮምኛ ከብት የሚጠጣው ማዕድን ያለው ውሃ ነው። ኬንያ ውስጥ ድልድዩን የምንሻገረው ኤዋሶ ኒሮ ወንዝ በማሳይና በሳምቡሩ አፍ የደፈረሰ፣ ቡናማ ውሃ ማለት ነው።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በበቅሎ፣ በአህያና በግመል ዘመን ነጋዴ የሚያድረው ውሃ ካለበት ነበር። ነጋዴ በሚያድርበት ገበያ ይቆማል፤ ገበያ በቆመበት ኬላ ይተከላል። አስፋልቱ የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ፣ ጉድጓዱም፣ የጨው ሐይቁም፣ ጠረፉም፣ የዝሆኑ ተራራም፣ የአንድ ታሪክ ክፍል ነው። ለእኛ ለነጋዴዎች ደግሞ ከታሪክም ያልፋል። በዚህ አገር የመንገዱ ሰላም የውሃው ሰላም ነውና።

ከአዲስ አበባ እስከ ዲላ

ይህን ክፍል አብዛኛው ሰው ስለሚያውቀው ቶሎ እንለፈው። ከዝዋይ ጀምሮ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በግራና በቀኝ ይሰለፋሉ። አብያታ ጋ ቆማችሁ ልጆቹን የድሮው የውሃ ዳር የት እንደነበረ ጠይቋቸው። ሐይቁ ሸሽቶ ነጭ ሜዳ ትቷል፤ ገባሮቹ ወንዞች ለመስኖ መጠለፋቸውና ከራሱ ከሐይቁ ውሃ ለሶዳ አሽ ምርት መወሰዱ ከምክንያቶቹ ዋናዎቹ ናቸው። ሻሸመኔ ስትደርሱ ጊዜ ካላችሁ ወደ ወንዶ ገነት ፍልውሃ ጎራ በሉ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ በጠዋት አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሂዱ፤ ጀልባው ሲራገፍ፣ ዋጋው ሲጣል ሲነሳ፣ አባ ኮዳዎቹ ትርፍራፊ ሲጠብቁ ማየት ለልጅ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከዲላ ጀምሮ መንገዱ በጌዴኦ ውስጥ ያልፋል። እዚህ ዛፍ፣ እንሰትና ቡና በአንድ ማሳ ተደራርበው ይበቅላሉ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአካባቢው ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ የሚባሉ የትክል ድንጋይ ቦታዎች አሉ። ይርጋ ጨፌ ላይ ቡና ሳትጠጡ አትለፉ። ስሙ በዓለም ገበያ ዋጋ የሚጠራበትን ቡና ከነዛፉ ማየት የሚቻለው እዚህ ነው።

ዱብሉቅ፦ የሚዘፈንበት ጉድጓድ

ከቡሌ ሆራ ወዲያ ምድሩ ይቀየራል። ግራሩ ይበዛል፤ አፈሩ ይቀላል፤ ከሰው ቁመት የሚያልፍ የምስጥ ኩይሳ በመንገዱ ዳር ይቆማል። ቦረና ገባችሁ ማለት ነው። በያቤሎ አካባቢ ግራጫ ላባና ሰማያዊ የዓይን ዙሪያ ያለው የቁራ ዘመድ የሆነ ወፍ አለ። በዓለም ላይ ከዚህች አካባቢ በቀር የትም አይገኝም። ልጆቹ መጀመሪያ ያየውን ይሸልሙ።

ዱብሉቅ ግን ግማሽ ቀን የሚሰጠው ቦታ ነው። ቱላ የሚባሉት የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች አንዱ እዚህ ነው። ቦረናዎች ዘጠኙ ቱላ ብለው የሚጠሯቸው የጉድጓድ ቦታዎች አሏቸው፤ ከጉድጓዶቹ አንዳንዶቹ ጥልቀታቸው እስከ 30 ሜትር ይደርሳል። ከብቱ ወደ ገንዳው የሚወርደው በተቆፈረ ቁልቁለት ነው። ከገንዳው በታች ወጣቶች በጉድጓዱ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ይቆሙና ባልዲውን እጅ ለእጅ እየተቀባበሉ ውሃውን ወደ ላይ ያወጡታል። የሥራው ምት እንዳይሳሳት ይዘፍናሉ። ከሩቅ የሚሰማው ዜማ እሱ ነው።

ነጋዴ እዚህ ቆሞ ማየት ያለበት ከዘፈኑ ይልቅ ሥርዓቱን ነው። ጉድጓዱ የጎሳ ነው፤ መጀመሪያ ያስቆፈረው ሰው ዘር ቅድሚያ አለው። የየዕለቱን ተራ የሚመራ አባ ሄሬጋ የሚባል ሹም አለ። የትኛው መንጋ ዛሬ እንደሚጠጣ፣ የትኛው ነገ እንደሚመጣ እሱ ይቆርጣል። በወጉ መሠረት የቱላ ውሃ በገንዘብ አይገዛም፤ የሚከፈለው ጉልበት ነው፣ ጉድጓዱን መጥረግና ውሃ መቅዳት። ለሚጠጣ ሰው ደግሞ አይከለከልም። ይህ ሁሉ በገዳ ሥርዓት ሥር ያለ ሕግ ነው። ቦረናዎች በየስምንት ዓመቱ ጉሚ ጋዮ በሚባለው ትልቅ ጉባኤ ተሰብስበው ሕጋቸውን ያድሳሉ። ገዳ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው እንዲህ ያለ ሥራ ስለሚሠራ ነው።

የከተማ ልጅ ውሃ ከቧንቧ ይወጣል ብሎ ያድጋል። አንድ ባልዲ ውሃ ስንት እጅ እንደሚነካ እዚህ ይየው። በቅርብ ጊዜ፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ፣ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲቀር የቦረና ከብት እንደ ቅጠል ረግፏል። በዚያ ዘመን በመንገዱ ዳር የከብት አጥንት ተከምሮ ያየን ሰዎች ብዙ ነን። ለቱላ ተራ መጠበቅ የሞትና የሕይወት ነገር መሆኑን ያኔ የከብት ነጋዴው ሁሉ በኪሱ አውቆታል።

ኤልሶድ፦ የጨው ቤት

ከዱብሉቅ ብዙም ሳይርቅ የኤልሶድ ጉድጓድ አለ። በድሮ ፍንዳታ የተፈጠረ ጥልቅ ገደል ነው፤ ሥሩ ላይ እንደ ቀለም የጠቆረ ሐይቅ ተኝቷል። በአማርኛ የጨው ቤት የሚሉትም አሉ። ወንዶች አፍንጫና ጆሯቸውን ደፍነው ወደ ሐይቁ ይጠልቃሉ፤ ከሥሩ ጥቁር ጭቃ በእንጨት እየነቀሉ ያወጣሉ። ጥቁሩ ለከብት፣ ነጩ ቅንጣት ለሰው ነው። ከዚያ አህዮቹ ተጭነው ቀጥ ያለውን ዳገት ይወጣሉ።

መውረዱ ለጤነኛ ሰው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ መውጣቱ ከዚያ ይብሳል። ትንንሽ ልጆችንና አዛውንቶችን ከላይ ከአፋፉ ማሳየት ይበቃል። ትልልቆቹ ግን ይውረዱ። በንግድ ትምህርት ቤት የዕቃ ዋጋ በየደረጃው እንዴት እንደሚጨምር በሰሌዳ ላይ ተምረናል። ኤልሶድ ላይ ያው ነገር በእግር ይታያል። ጭቃው ከውሃው ዳር አንድ ዋጋ አለው፤ ከአህያው ጀርባ ሌላ፤ ከአፋፉ ላይ ሌላ፤ ገበያ ሲደርስ ደግሞ ሌላ። ቆዳውን ጨው የሚበላው ሰው ከሁሉም በታች ነው ያለው። ለፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ የአካባቢውን መሪ ልጅ ያዙ፤ የሚገባውንም ክፈሉ። ሠርቶ የሚያድር ሰው ነው።

ሞያሌ፦ ሁለት ከተማ በአንድ ስም

ሜጋን አልፋችሁ ሞያሌ ስትደርሱ ጠረፉን ከማቋረጣችሁ በፊት ለልጆቹ አንድ ነገር ንገሯቸው። ይህ መስመር የተሰመረው በኅዳር 1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥትና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመ ውል ነው። ውሉ በመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉት ጎሳዎች እንደ ቀድሞው ማዶ ያለውን ግጦሽ እንዲጠቀሙ ይፈቅዳል፤ የውሃ ጉድጓዶቹም ለሁለቱም ወገን ክፍት እንዲሆኑ ይደነግጋል። ድንበሩን የወለደው ወረቀት ራሱ ውሃውን ከድንበሩ ነፃ አድርጎታል ማለት ነው። ፈራሚዎቹ ይህን የጻፉት ከደግነት ብቻ አይመስለንም። ከጉድጓዱ የተከለከለ ሕዝብ ባለበት ጠረፍ እንደማይጠበቅ ገብቷቸው ነበር።

ሞያሌ ጦርነትም አይታለች። በሐምሌ 1932 ዓ.ም. ጣሊያኖች በእንግሊዝ በኩል ያለውን ሞያሌ ከብበው ያዙ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ያሉበት የእንግሊዝ ጦር መጀመሪያ ሜጋን፣ ቀጥሎም ሞያሌን አስለቀቀ። በእኛ ዘመንም በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ወታደሮች ተኩሰው ነዋሪዎች ሲሞቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሌሊቱን ወደ ኬንያ ሸሽቷል። ማዶ ያለው ዘመድ ቤቱን ከፍቶ ተቀበለ። የሁለቱ ሞያሌዎች ሰው ዕቃ ብቻ አይደለም የሚለዋወጠው፤ በክፉ ቀን መጠጊያም ይለዋወጣል።

ዛሬ የምናልፍበትን የጋራ የጠረፍ መቆጣጠሪያ የሁለቱ አገር መሪዎች የመረቁት ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ አገሮች በአንድ ቦታ አንድ ጊዜ ይፈትሻሉ፤ ድሮ ሁለት ቦታ ወርዶ ሁለት ጊዜ መሰለፍ ነበር። ዕቃ ለያዘ ነጋዴ ይህ የሰዓታት ልዩነት ነው።

ልጆች የሚወዱት ሁለት ነገር ደግሞ አለ። ጠረፉን እንዳለፋችሁ መኪናው ከቀኝ ወደ ግራ መስመር ይዛወራል፤ ሾፌሩን አስታውሱት። ሰዓቱ ግን አይለወጥም፤ አቆጣጠሩም ቢሆን ዘመዳችን ነው። በስዋሂሊ ሳ ሞጃ ሲሏችሁ እንደኛው የጠዋት አንድ ሰዓት ማለታቸው ነው። ሰዓት ከፀሐይ መውጣት የሚቆጥር ጎረቤት ያለን እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው።

ማርሳቢት፦ በበረሃ መካከል ያለ ደን

ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነው። አስፋልቱ ከማለቁ በፊት፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. እስከ 2016 አካባቢ ድረስ፣ ከሞያሌ ኢሲዮሎ ለመድረስ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መኪኖች በፖሊስ ታጅበው በሰልፍ ይሄዱ ነበር። ብዙዎቻችን በጭነት መኪና ላይ፣ ከበታች ከብት ከበላይ ሰው ሆነን፣ አቧራ እየጠጣን ተጉዘናል። ዛሬ ያው መንገድ በአንድ ቀን ያልቃል።

ቱርቢን ስታልፉ ዝም ብላችሁ አትለፉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2005 በዚህች ትንሽ ከተማ ጠዋት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በተፈጸመ ጥቃት ልጆችን ጨምሮ ከሃምሳ በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ከጀርባው በግጦሽ፣ በውሃና በከብት ዝርፊያ የቆየ የጎሳ ጠብ ነበር። የመንገዱ ሰላም የውሃው ሰላም ነው ያልነው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ አስፋልት ተነጠፈ፤ ሽማግሌዎች ግን እስከ ዛሬ የሚያስታርቁት በጉድጓድ ተራ ነው።

ከጥቁሩ የድንጋይ ሜዳ ወዲያ ድንገት አረንጓዴ ተራራ ይነሳል። ማርሳቢት ነው። ጠዋት ጉም ይለብሳል፤ ዛፎቹ ከጉሙ ውሃ ይስባሉ፤ በተራራው ላይ በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ጉድጓዶች አሉ። አንደኛው ውስጥ የገነት ሐይቅ የሚባለው ይገኛል፤ በድርቅ ይጎድላል፤ ሲሞላ ዝሆንና ጎሽ ይወርዱበታል። የዚህ ደን ዝነኛ ነዋሪ አሕመድ የሚባል ዝሆን ነበር። ጥርሱ መሬት ሊነካ የደረሰ ስለነበር አዳኞች እንዳይገድሉት ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ በልዩ አዋጅ ጥበቃ ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ1974 በእርጅና ሞተ። ቅርጹን ናይሮቢ ብሔራዊ ሙዚየም ታገኙታላችሁ፤ ልጆቹ መጀመሪያ ቤቱን፣ ኋላ ምስሉን ይዩ።

ማርሳቢት ለአበሻ ነጋዴ እንግዳ አገር አይደለም። ከደቡብ ኢትዮጵያ የሄዱ ቡርጂዎች ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት እዚህ ደርሰው እርሻ አቀኑ፤ ልጆቻቸው ሱቅ ከፈቱ። ገበያው ውስጥ ስትዘዋወሩ ቦረንኛ፣ ቡርጂኛ፣ ስዋሂሊና ሶማልኛ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ትሰማላችሁ፤ አማርኛም አይጠፋም። ድሮ እዚህ ማደር ግድ ነበር፤ አሁን ብዙ መኪና ሳይቆም ያልፋል። ማደሪያ ቤት የነበራቸው ሴቶች ገበያቸው ቀዝቅዟል። ስለዚህ እደሩ እንላለን። ቦታው ያምራል፤ የምትከፍሉትም ገንዘብ መንገዱን ለሚጠብቀው ሕዝብ ይገባል።

ኢሲዮሎ፦ የስደተኞቻችን ደጃፍ

ከማርሳቢት እስከ ኢሲዮሎ ወደ 260 ኪሎ ሜትር ነው። ኦሎሎክዌ የሚባለው አናቱ ጠፍጣፋ ተራራ በቀኝ ይታያል። አርቸርስ ፖስት ላይ ኤዋሶ ኒሮን ትሻገራላችሁ፤ የሳምቡሩ የዱር እንስሳት ጥብቅ ቦታ በዚህ ወንዝ ዳር ነው። ድርቅ ሲሆን አውሬውም ከብቱም ወደዚህ ወንዝ ይመጣል።

ኢሲዮሎ በቅኝ ዘመን የሰሜኑ ጠረፍ አውራጃ በር ነበረች። እንግሊዞች ሰሜኑን የተዘጋ አውራጃ ብለው ያለ ፈቃድ መግባትም መውጣትም ከልክለው ነበር። ነፃነት ከመጣ በኋላም ከ1963 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. የሽፍታ ጦርነት የተባለው ተዋግቶበታል። ሰሜኑ ለብዙ ዘመን መንገድ ያጣው እንዲህ ታጥሮ ስለኖረ ነው።

ለእኛ ግን ኢሲዮሎ ሌላም ትርጉም አላት። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በደቡብ ሲዋጉ የነበሩ ወታደሮች፣ ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር፣ በዚሁ በረሃ አቋርጠው ኬንያ ገቡ። በሺዎች የሚቆጠሩት ኢሲዮሎ በተከፈተ ካምፕ ሰፈሩ፤ ኋላም ወደ ታቬታ ተዛወሩ። ከመካከላቸው ወታደር ሆነው አገራቸውን ነፃ ለማውጣት የተመለሱ ነበሩ። ዛሬ በሰባት ሰዓት አስፋልት የምናልፈውን እነርሱ ከጉድጓድ ጉድጓድ በእግር ነው የሄዱት። ቱላ ለሚጠጣ ሰው አይከለከልም ያልነውን እዚህ ላይ አስታውሱ።

ኢሲዮሎ ላይ ደግሞ የሥራ ባልደረቦቻችን የሆኑ ሴቶችን እዩ። ከገጠር የግመል ወተት ሰብስበው በጄሪካን እየሞሉ በአውቶቡስ ናይሮቢ ኢስሊ ይልካሉ። የሚበላሽ ዕቃ በዚህ ሙቀት በሰዓቱ ማድረስ ቀላል ሙያ አይደለም።

እስከ ቀዝቃዛው ውሃ

ከኢሲዮሎ በኋላ ብርድ ልብስ አውጡ። 5,199 ሜትር ከፍታ ያለው የኬንያ ተራራ በግራ ይቆማል፤ ጫፉን በጠዋት ካላያችሁት ደመና ይሸፍነዋል። ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብ ምልክት አለ። ልጆች ይዘው ሰሃን ላይ ውሃ የሚያዞሩ ወጣቶች «በሰሜን በዚህ በኩል፣ በደቡብ በዚያ በኩል ይዞራል» ብለው ያሳያሉ። ሳይንሱ በሰሃን ውሃ ላይ አይሠራም፤ ትርኢቱ ግን ያስቃል፤ ጥቂት ሽልንግ ስጧቸው።

ናይሮቢ በ1891 ዓ.ም. ከሞምባሳ የተነሳው የባቡር ሐዲድ የደረሰባት ረግረግ ሜዳ ነበረች። ማሳዮች ከብት ያጠጡበት ነበር፤ እንግሊዞች ባቡር ማደሪያ አደረጉት። እዚያ የባቡር ሙዚየም አለ። ቀጥሎ አሕመድን ብሔራዊ ሙዚየም ሄዳችሁ እዩት። ኢስሊን ደግሞ እኛ ባንነግራችሁም ታገኙታላችሁ።

ዛሬ ውሃው በሌላ መልክም ይሻገራል። ከ2015 ዓ.ም. ኅዳር ጀምሮ በኢትዮጵያ ግድቦች የሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ ሱስዋ በተዘረጋ ወደ 1,045 ኪሎ ሜትር በሚሆን መስመር ይሸጣል። የቱላ ውሃ በገንዘብ አይገዛም፤ ይሄኛው በሜትር ይቆጠራል።

ለሚነሳ ቤተሰብ

አራት ሌሊት ያዙ፦ ሐዋሳ፣ ያቤሎ፣ ማርሳቢትና ናንዩኪ እደሩ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ወሬ ከሾፌሮች ጠይቁ፤ በጉጂና በቦረና በኩል ሁኔታው ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። በሌሊት አትንዱ። ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ካርድ ከልብስ ሻንጣ ሳይሆን ከእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። የመኪናውን ወረቀትና የጎረቤት አገር ኢንሹራንስ ቀድማችሁ ጨርሱ። ገንዘብ የምትለውጡት በሕጋዊው መንገድ ይሁን።

ከሁሉም በላይ ሃያ ሊትር ውሃ ትርፍ ጫኑ። ለራሳችሁ ካልጠቀመ በመንገድ ዳር ጄሪካን ይዘው የሚቆሙ ልጆች አሉ። ሻይም ምሳም ከእነዚሁ ከተሞች ግዙ፤ በኢሲዮሎ ብቻ አትቁሙ። እኛ ነጋዴዎች ይህን መንገድ የምናልፈው የጉድጓዱ ባለቤቶች ተስማምተው ስላሳለፉን ነው። ኬላው ሲዘጋ የሚከፍት መሥሪያ ቤት አለ፤ የጉድጓዱ ሰላም ሲደፈርስ ግን የሚመልሰው በጉድጓዱ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ነው። ልጆቻችንም ወደፊት በዚህ መንገድ የሚነግዱ ከሆነ የእነዚህን ሰዎች ስምና ሥርዓት ከወዲሁ ቢያውቁ ይጠቀማሉ።